በአንድ ትንፋሽ አንድ መስመር

ኒባራን ሥዕል መማር ሲጀምር ዕድሜው አርባ አራት፣ ሳንባው ግን ዘጠና ነበር። አብረው ተወልደው እንዴት እንዲህ ተራራቁ ለሚል መልሱ አጭር ነው። ሰውዬው ከመንደሩ በላይ ባለው የድንጋይ ካባ፣ ጠጠር መፍጫው አፍ ላይ ቆሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ማሽኑ ድንጋዩን ይበላል፣ ኒባራን አቧራውን ይበላል፣ ማታ ሁለቱም ጠግበው ያድራሉ። ልዩነታቸው ማሽኑ በየወሩ ዘይት የሚቀየርለት መሆኑ ብቻ ነበር።

ሲያስል የሦስት መንደር አውራ ዶሮ ነጋ ብሎ ይጮኻል። ዱምካ ከተማ ወርዶ ሲታይ፣ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ተመለከተ።

“ሥራህ ምንድን ነው?”

“ጠጠር መፍጫ ላይ ነኝ።”

“ተወው።”

ሕክምናው ይኸው ነበር። የካባው ፎርማን ደግሞ ከሐኪሙም ቀድሞ ገብቶት ኖሮ በማግሥቱ ስሙን ከመዝገብ ሰረዘውና “ሲሻልህ ና” ብሎ በፈገግታ ሸኘው። ከዚያ ካባ ወጥቶ፣ ተሽሎት የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ፎርማኑ ግን ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ነው፤ ለሁሉም እንዲሁ ይላል።

ሚስቱ ቱኒ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ሁለት ገበያ የሚያደርስ ሴት ናት። ባሏ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲያስል ከሰማችው በኋላ በአራተኛው ቀን ፊቱ ቆመች።

“አንተ፣ ዘርህ ሠዓሊ አይደል እንዴ?”

“ዘሬ ነው፤ እኔ አይደለሁም።”

“አጎትህ ጋ ሂድና ተማር። እስከ ሶህራይ በዓል፣ አዝመራው እስኪገባ ድረስ ዘጠኝ ወር አለህ። እስከዚያ በብሩሽህ አንድ ጆንያ ሩዝ ካስገባህ እሰየው። ካላስገባህ እኔ ካባው እወጣለሁ። ፎርማኑ ክንዴን አይቶ ‘ትችያለሽ’ ብሎኛል።”

“ክንድሽን ምን ብሎ አየው?”

“ያንተን ሳንባ ማየት ሰልችቶት ነዋ።”

ኒባራን ሳቀ። ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ሳል ሆነና እንባው እስኪወርድ አጎነበሰው። ቀና ሲል ቱኒ ጀርባውን እየደቃች ነበር። አፍንጫዋን አየው። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ አፍንጫ ነው። ያ አቧራ በየት በኩል እንደሚገባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተነሣና አጎቱ ቤት ሄደ።

የኒባራን ዘሮች የሙት ሠዓሊዎች ናቸው። በዙሪያው ካሉት፣ ሳንታል ከሚባለው ሕዝብ መንደሮች በአንዱ ሰው ሲሞት ሠዓሊው የሟቹን ሥዕል ጠቅልሎ ሳይጠራ ይደርሳል። ሥዕሉ ሁሉ ነገር አለው፤ ራስ አለው፣ እጅ አለው፣ ልብስ አለው። የዓይን ብሌን ግን የለውም። ዓይኑ እንደ ተላጠ እንቁላል ነጭ ነው። “ሰዋችሁ በዚያኛው ዓለም ታውሮ መንገድ ጠፍቶበታል፤ ከቤቱ አንድ ነገር ይፈልጋል” ይላል ሠዓሊው። ቤተሰቡ ሳህን ወይም ዶሮ ወይም ሩዝ ይሰጣል። ሠዓሊው ብሩሹን ጥቁር ቀለም ነክሮ ብሌኑን ጠብ ያደርጋል። ሙቱ ያያል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ከቢሮ ጉዳይ የሚለየው፣ እዚህ የሰጠ ሰው ወዲያው መስተናገዱ ነው።

በመንደሩ የቀሩት የመጨረሻው ሠዓሊ የኒባራን አጎት ጎሎክ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሁለት ልጆቻቸው ካልካታ ወርደው የፎቅ ግድግዳ ይቀባሉ፤ እሳቸው ግን ሰው ሲጠይቃቸው “ሞተዋል፣ ሥዕላቸውንም አልሠራሁላቸውም” ነው የሚሉት። ኒባራንን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

“ስንት ዓመትህ ነው?”

“አርባ አራት።”

“እኔ በስድስት ዓመቴ ነው ብሩሽ የያዝኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት አርፍደሃል። ተቀመጥ።”

የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፈው ብሩሽ በመስበር ነበር። የቀርከሃ እንጨት ላይ የፍየል ጠጉር ታስሮ የሚሠራ ቀጭን ብሩሽ ነው፤ ኒባራን ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘው መዶሻ ነው። ይዞ ሲጨብጠው ቀጭ ይላል። አጎቱ ከወዲያ “አንገቱን አትነቅ! ምን አደረገህ?” እያሉ ይጮኻሉ። በሰባት ቀን ውስጥ የመንደሩ ፍየሎች በሙሉ ጢማቸውን ጨረሱ፤ ፍየሎቹ ኒባራንን ከሩቅ ሲያዩ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ።

ቀጥሎ መሬት ላይ በእንጨት መሳል ሆነ። ዓሣ ሣለ፤ ጫማ መሰለ። ዶሮ ሣለ፤ የአጎቱ ዶሮ ራሷ መጥታ አየችውና አንድ ሳምንት እንቁላል ነሣች። የሰው እጅ ሲሥል ጣቱ አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ አራት ይሆናል። “ካባው ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው ብዬ አራቱን አልፈዋለሁ” አሉ ጎሎክ፤ “ስድስተኛውን ግን ከየት አመጣኸው?”

ይህ ሁሉ የሚለመድ ነገር ነው። ያልተለመደው ትንፋሹ ነበር።

የሙያው ሕግ አንድ መስመር በአንድ ትንፋሽ ነው። ብሩሹ ወረቀቱን ሲነካ ሠዓሊው ትንፋሹን ይይዛል፤ መስመሩ ሲያልቅ ይለቃል። መሐል ላይ ከተነፈሰ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ የተንቀጠቀጠ ሙት ደግሞ በዚያኛው ዓለም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል ይባላል። ጎሎክ በዚያ ዕድሜያቸው ከትከሻ ጀምረው እስከ ተረከዝ፣ ሳይጨነቁ፣ አንዳንዴ በዓይናቸው ሰው እየሰደቡ፣ በአንድ ትንፋሽ ይወርዱታል። የኒባራን ትንፋሽ አራት ጣት ነበር። ከትከሻ ይነሣና ጡት ሥር ሲደርስ ያልቃል። እንደገና ይጀምራል፤ ወገብ ላይ ያልቃል።

“ያንተ ሙቶች ሁሉ ስብራት አለባቸው” አሉት አጎቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው። “ከገደል ወድቀው ነው የሞቱት?”

በየጠዋቱ ኩሬው ዳር ተቀምጦ ትንፋሽ መያዝ ተለማመደ። ጎረቤት ሁሉ ምክር አመጣለት፤ አንዱ ማር ላስ አለው፣ ሌላው በአንድ እግርህ ቁም አለው። ቆመ፤ ኩሬው ውስጥ ወደቀ። ትንፋሹ አራት ጣት እንደሆነ ቀረ። በኋላ ግን በራሱ አንድ ዘዴ አገኘ። ትንፋሹ የሚያልቅበትን ቦታ አስቀድሞ እያወቀ፣ እዚያ ላይ አምባር ያስገባል፣ ወይም የልብስ ጫፍ፣ ወይም ጠባሳ፣ ወይም የክርን እጥፋት። መስመሩ የተቋረጠ ሳይሆን የደረሰ ይመስላል። ሙቶቹ በሕይወት ሳሉ ያልነበራቸውን አምባር ሁሉ አጠለቁ። ጎሎክ ሥዕሉን አይተው አልተሳደቡም፤ ይህ በዚያ ቤት እንደ ሽልማት ይቆጠራል።

ከዚያ ቀለም መጣ። ቀዩ ከአፈር፣ ቢጫው ከእርድ፣ ጥቁሩ ከመብራት ጥላሸት፣ አረንጓዴው ከባቄላ ቅጠል ይወጣል፤ ሁሉም በዛፍ ሙጫ ይለወሳል። ኒባራን እንደ ጀማሪ ሁሉ ቸኳይ ነበር። ቢጫው ሳይደርቅ ጥቁሩን ከጎኑ ያደርጋል፤ ሁለቱ ተያይዘው ይፈስሳሉ፤ የሣላት ሴትዮ ከነልብሷ ጭቃ ትሆናለች። ጎሎክ “አትንካው፣ ገና አልደረቀም!” ብለው ይጮኻሉ። ይህን ነገር በቀን መቶ ጊዜ ስላሉት፣ የመንደሩ ሰው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ከሰላምታ ይልቅ “ኒባራን፣ አትንካው፣ ገና አልደረቀም!” ማለት ጀመረ።

አንድ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ እምቢ አለው። ሰው ሁሉ መሳል ሲጀምር ከዓይን ይጀምራል። ኒባራንም ገና ራሱን ሳይከብ፣ መጀመሪያ ዓይን ያስቀምጣል፤ መሐሉ ላይም ብሌኑን ጠብ።

“ያያል!” ይላሉ ጎሎክ፣ ግንባራቸውን ይዘው። “ይሄ ሰው ያያል! አስቀድሞ ካየ እኛ ምን ልናደርግ ሄድን? ልናለቅስ?”

“እጄ ነው አጎቴ፤ ሳላስበው ነው።”

“እጅህን አስተምረዋ! ዓይን መጨረሻ ነው። ስማኝ ደግሞ። በር ላይ ስትደርስ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ቤቱን ቃኝ። ሙት የሌለውን አይጠይቅም። ዶሮ ካለ ዶሮ ናፍቆታል፤ የነሐስ ሳህን ካለ ጠምቶታል።”

“ምንም ከሌለስ?”

“ምንም የሌለው ቤት የለም። በደንብ ያላየ ሠዓሊ ነው ያለው።”

ሶህራይ አንድ ወር ሲቀረው ሳግራም ሞተ።

ሳግራም ሳንታል ነው፤ ከኒባራን ጋር አሥራ አምስት ዓመት ትከሻ ለትከሻ መፍጫው ላይ ቆሟል። የማሽኑ ቀበቶ የቀኝ እጁን ሁለት ጣት ሲወስድበት “ሩዝ ለመብላት ሦስት ይበቃል” ብሎ በማግሥቱ ሥራ የገባ ሰው ነው። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እንደ ሕፃን ቀልሎ፣ ሚስቱ ብቻዋን ተሸክማ ፀሐይ ላይ እያወጣችው ነው የሞተው።

“እኔ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል” አሉ ጎሎክ። “ብቻህን ትሄዳለህ። ሳግራም ቤት ፍየል አለች፤ ጥሩ ፍየል ናት። ገበያ ብትወጣ አንድ ጆንያ ሩዝ ናት። ገባህ?”

ገብቶታል። ቱኒም ገብቷት ነበር፤ ጠዋት ላይ ምንም ሳትናገር የፍየል ማሰሪያ ገመድ ከቦርሳው ውስጥ ከታለት ነበር።

የሙት ወንድ ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ቢጫ ልብስ፣ ቡናማ ገላ፣ በእጅ በትር፣ ፊት ወደ ጎን፣ አንድ ትልቅ ነጭ ዓይን። ጎሎክ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ነው የሳሉት፤ የሚለዋወጠው ስሙ ብቻ ነው። ኒባራን ግን አቃተው። ቡናማውን ቀባ፤ ሳግራም አይደለም። ቀይ ጨመረበት፤ የባሰ ሌላ ሰው ሆነ፣ ጭራሽ ፎርማኑን መሰለ። ወረቀቱን ጣለና አዲስ ጀመረ። ቀኑ ተጋመሰ። በመጨረሻ ዓይኑ የቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው፣ ካባው ላይ ራሱን ይጠመጥምበት ከነበረው አሮጌ መጠምጠሚያ ላይ አረፈ። ሥራ ከተወ ጀምሮ ማንም አልነካውም። አወረደውና በሸክላ ሰሐን ላይ አራገፈው። ግማሽ እፍኝ የሚሆን የድንጋይ ዱቄት ወረደ። በሙጫ ለወሰው፤ ቀባው።

ሳግራም መጣ።

ሊያዩት የመጡት ጎሎክ ባጠገቡ አጎንብሰው ተመለከቱ። “ግራጫ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?”

“ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ” አለ ኒባራን።

ጣቶቹንም ሦስት አደረጋቸው፤ ትንፋሹ የሚያልቅበት ቦታ ስለሆነም ተመቸው። ዓይኑን ነጭ ተወው። በዚያ ቀን እጁ አልከዳውም።

የሳግራም ሚስት ጆባ በሯ ላይ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሥራ ለመፍታት ከሐዘን ቤት የተሻለ ቦታ የለም።

“ግባ ወንድሜ” አለችው። “ሽማግሌው ጎሎክስ?”

“ጉልበታቸው አልሄድ አለ።”

“አንተ ደግሞ ሳንባህ። እናንተ ቤት አንድ ሙሉ ሰው ለማግኘት ስንት ሰው መጥራት ያስፈልጋል?”

ሰዉ ሳቀ። ኒባራን ሥዕሉን ዘረጋው። ሳቁ ቆመ።

ጆባ ቀረብ ብላ ተንበረከከች። ወደ ወረቀቱ እጇን ዘረጋችና ሳትነካው እጇን ሰበሰበች። “ጣቱ” አለች። “ሁለቱን ጣቱን እዩት፣ የለም። ደግሞ ቀለሙን ተመልከቱ። ሌላ ቀለም ኖሮት አያውቅም እኮ። ለሠርጋችን ሁለት ጊዜ ታጥቦ መጥቶ እኔ ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር።” እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗን ግን ከሥዕሉ አላነሣችም።

ኒባራን አጎቱ እንዳስተማሩት ቤቱን ቃኘ። የተቀደደ ቅርጫት፣ አንድ አካፋ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ግራጫ ሸሚዝ አየ። ከግቢው ጥግ ደግሞ ፍየሏ ምሰሶ ላይ ታስራ እሱን እሱን ታያለች። ጉሮሮውን ጠረገ።

“ሳግራም በዚያኛው ዓለም ወንዝ ዳር ቆሟል። ዓይኑ አይበራም። መንገዱ ጠፍቶበታል። ከቤቱ አንድ ነገር ይፈልጋል።”

“ምን?”

“ፍየሏን።”

ጆባ ቀና ብላ አየችው። “ዕውር ነው አላልክም እንዴ? ዕውር ሰው እዚያ ወስዶ እንዴት ሊያግዳት ነው?”

“እሷ ትመራዋለቻ!” አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፤ ግቢው እንደገና ሳቀ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ሥዕሉን፣ ያን ባዶ ዓይን፣ ብዙ ጊዜ አየችው። በመጨረሻ “እሺ፤ ማየት ካለበት ይይ” አለችና ወደ ምሰሶው ሄደች።

ኒባራን ብሩሹን ጥቁር ቀለም ነክሮ ከሥዕሉ በላይ ያዘ። ገመዱ እጁ ሲገባ ጠብ ያደርገዋል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ብሩሽ ሲያነሣ ትንፋሽ መያዝ ስለለመደ ትንፋሹን ያዘ። ጆባ ቋጠሮውን ትታገላለች። ቋጠሮው እምቢ አለ። ጠማማ፣ አንድ ጎኑ የወፈረ፣ ሦስት ጣት ያለው ሰው ብቻ ሊቋጥረው የሚችል ቋጠሮ ነበር። በጥርሷ ሞከረች። ኒባራን ትንፋሹን እንደያዘ ያንን ቋጠሮ ያያል፤ አራት ጣት ትንፋሹ አለቀ፣ እሱ ግን ገና ይዞታል። ጆባ ፈታችው። ፍየሏ ወደ ኋላ ጎተተች።

በዚህ ጊዜ ሳሉ መጣ። ከእግር ጥፍሩ ተነሥቶ ነው የመጣው። ወገቡን ሁለት አጠፈው፣ ብሩሹን ወደ ታች ወረወረው። ቀና ብሎ እንባውን ሲጠርግ ግቢው በሙሉ ወረቀቱን እያየ ነበር።

ብሌኑ ወድቋል። መሐል ላይ ሳይሆን ከዓይኑ ጥግ፣ ወደ ኋላ በኩል ነው። ሳግራም ያያል።

“ወዴት ነው የሚያየው?” አለ ሽማግሌው።

ሁሉም አንገቱን አዞረ። ሳግራም፣ ግራጫው፣ ባለ ሦስት ጣቱ፣ ቀጥ ብሎ የሚያየው ፍየሏን ነበር።

“ያፈጠጠው እሷ ላይ ነው!” አለች ጆባ። ገመዱ እጇ ላይ ነው። “አያችሁት? እዚሁ ትቆይ ነው የሚለው።” ፍየሏን መልሳ ምሰሶው ላይ አሰረቻት። ካየ አየ ነው፤ የሚያይ ሙት ምንም አይፈልግም። ወጉ ግን ሠዓሊ ባዶ እጁን አይሸኝም ይላልና፣ ጓሮ ገብታ አንድ ዱባ አመጣችለት።

ብሌኑን የጣለው ሳል ነው ብሎ ኒባራን እስከ ዛሬ ይምላል። ቱኒ ዱባውን ከእጁ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

“ይሄ ፍየል ነው?”

“ሳል መጣብኝ፣ ቱኒ።”

“ሳሉ የማን ወገን ነው?”

ዱባውን ቀቅላ አቀረበችለትና በሉ። ቱኒ ሳትሰድበው የበላችበት ማዕድ በትዳራቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወሬ ግን ሳንባ አያስፈልገውም፤ በሁለት ቀን ዘጠኝ መንደር ዞረ። የሚያስል ሠዓሊ አለ፣ ሲያስል ብሌኑ በነጻ ይወድቃል ተባለ። ያ ወር ደግሞ ለካባው ሰዎች ክፉ ወር ነበር፤ ቅዝቃዜው ሲገባ ሳንባቸው የደከመው ሁሉ ተከታትለው ሄዱ። ኒባራን ሥራ በዛበት። በሄደበት ሁሉ ፊቱ የሚታወቅ ግራጫ ሰው ይዞ ይሄዳል፣ ሰዎቹ “እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!” ብለው ያለቅሳሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሳሉን ይጠብቃሉ። ጨዋታ ያመጣሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ እንዳይቸኩል ይለምኑታል። አንዲት መበለትማ መጠበቁ ሲሰለቻት እፍኝ በርበሬ እሳቱ ላይ በተነች። ያን ዕለት ኒባራን ብቻ ሳይሆን ሐዘንተኛው በሙሉ፣ ውሻው ሳይቀር አሳለ፤ ሙቱም በአንድ ዓይኑ ላይ አራት ብሌን አገኘ። በአራቱም እያየ ሳይሄድ አይቀርም።

አንድ ቤት ብቻ ዶሮ ሰጡት። እሷም መንገድ ላይ አስላ ሞተች።

ጎሎክ ነገሩን ሲሰሙ አልጮኹም። ኒባራን ግድግዳ ላይ የደረደራቸውን ሥዕሎች ተመለከቱ። “እጅህ ሠዓሊ ሆነ” አሉት። “ስድሳ ዓመት ሠርቼ ማንም ‘እሱ ነው’ ብሎኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ‘እሺ፣ ምን ይፈልጋል?’ ነው የሚሉኝ።” ቀጥለው ደግሞ “በምንህ ልትኖር ነው?” አሉ። ይህን የጠየቁት ሳይቀልዱ ነበር።

ሶህራይ ደረሰ። ከበሮው ተመታ፤ ሴቱ ሁሉ የቤቱን ግድግዳ በአዲስ ጭቃና በቀለም አሳመረ። የኒባራን ቤት ጎተራ ዱባ ብቻ ነበር፤ ዱባ ተደርድሮ፣ ዱባ ተቆልሎ፣ ከበሩ ሥር ተንከባልሎ ወጥቶ። ሩዝ የለም።

በዓሉ ባለፈ ማግሥት ጠዋት ቱኒ የእሱን አሮጌ መጠምጠሚያ ከግድግዳ አወረደች። ያልተቀባ አቧራ ገና ነበረበት።

“እሱን አፍሽ ላይ አታድርጊ” አላት። “ውስጡ አቧራ ነው።”

“የምሄደው ወዴት መሰለህ?”

“ጥቂት ቀን ስጪኝ። አንድ ቤት አለ…”

“ሰጠሁህ እኮ። ዘጠኝ ወር። ልጅ ይወለድበታል።” ጨርቁን አፍና አፍንጫዋ ላይ አሰረችው። ከዚያ በላይ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነበር። “አትፍራ። እኔ አጭር ነኝ፤ አቧራው በላዬ ያልፋል።”

አላለፈም። አቧራ ቁመት አይለይም።

ከዚያ ወዲህ የኒባራን ትንፋሽ ከአራት ጣት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ። ትከሻ መሳል ተወ። ቀጥሎ እጅ መሳል ተወ። መንደር ለመንደር መዞሩም ቀረ፤ አቀበቱ ላይ እሱም እንደ ሥዕሎቹ በየመሐሉ ይቋረጣል። በረንዳው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይቀመጣል። በክረምቱ መግቢያ ላይ ትንፋሹ አንድ ጣት ሆነ፤ አንድ ጣት የሚያህል መስመር ደግሞ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል።

የቱኒን ዓይን መሳል ጀመረ። የላይኛው ሽፋሽፍት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ያርፋል። የታችኛው በሌላ። ያርፋል። ከዚያ ብሌኑን ወዲያው፣ ቀለሙ ከብሩሹ ሳይንጠባጠብ፣ ጠብ። ፊቷን ቀድሞ ቢጀምር ዓይኗ እስኪደርስ ድረስ ያለ ብሌን ትቆያለች፤ መሐል ላይ ሳሉ ቢነሣ፣ ወይም ጨርሶ ባይቆም፣ እንዲያ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይን፣ ከዓይንም አስቀድሞ ማየት። ሌላው አልደረሰም። ወረቀት ሙሉ ዓይን ሆነ፤ አንድም ፊት የለም።

ጎሎክ በትራቸውን ተደግፈው መጡና አዩት።

“ከዓይን ጀመርክ” አሉ። “ከመጀመሪያው ቀን ምን አልኩህ?”

“መጨረሻ ነው አሉኝ።”

“ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓይን የት ልትሰቅለው ነው? ፊቱስ?”

“ትንፋሽ አልደረሰልኝም አጎቴ።”

ጎሎክ በትራቸውን አስቀመጡ። ከጎኑ ተቀምጠው ለቢጫው ቀለም እርድ መውቀጥ ጀመሩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቱኒ ከካባው ወረደች። ከፀጉሯ እስከ ተረከዟ ግራጫ ናት። በአጥሩ በኩል ስትገባ አሳለች፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ሰው የማይቀሰቅስ ሳል ነበር። ኒባራን ጆሮው የለመደው ሳል ነው፤ የራሱም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ቀና ብሎ አላያትም።

እሷ አጠገቡ ቆማ ወረቀቱን አየችው። መጠምጠሚያውን ከአፏ ፈታች።

“ይሄ የማን ዓይን ነው?”

“ያንቺ።”

“የኔ እንዲህ ንጹሕ ነው እንዴ? ማን ሊያውቀኝ ነው?” አለችና፣ አውራ ጣቷን በሽፋሽፍቷ ላይ አሳልፋ፣ በላዩ የቀረውን ዱቄት ይዛ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች።

“አትንኪው” አላት፣ ትንፋሹ እንደቻለ። “ገና አልደረቀም።”